መዳብ 35 ኒውትሮን የለውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች በምታወጡት የኬሚስትሪ መልመጃ ላይ “የመዳብ አቶም ስንት ፕሮቶን፣ ስንት ኒውትሮን፣ ስንት ኤሌክትሮን አለው?” የሚል ጥያቄ ቀርቦ መልሱ 29፣ 35 እና 29 ተብሏል። አሠራሩም አብሮ ታትሟል፦ ከፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ 63.546ን መውሰድ፣ ወደ 64 ማጠጋጋት፣ ከዚያ ላይ 29 መቀነስ። ፕሮቶኑና ኤሌክትሮኑ ልክ ናቸው። ኒውትሮኑ ግን አይደለም። መቀነሱ እንከን የለበትም፤ እንከኑ ያለው ከምን ላይ እንደተቀነሰ ነው። ይህ አሠራር በየአጋዥ መጽሐፉና በየማጠናከሪያ ክፍሉ የተለመደ ስለሆነ እናንተን ነጥለን ለመውቀስ አልጻፍንም። ጋዜጣ ግን ብዙ ተማሪ እጅ ይገባልና ቢታረም ይሻላል።

በተፈጥሮ የሚገኘው መዳብ ያለው ሁለት ዓይነት አቶም ብቻ ነው፤ በኒውትሮን ቁጥር ብቻ ስለሚለያዩ አይሶቶፖች ይባላሉ። በኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ካሉ 100 የመዳብ አቶሞች 69 ያህሉ መዳብ-63 ናቸው (63 የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው)፤ እያንዳንዳቸው 29 ፕሮቶንና 34 ኒውትሮን አላቸው። የቀሩት 31 ያህሉ መዳብ-65 ናቸው፤ 29 ፕሮቶንና 36 ኒውትሮን። በ34 እና በ36 መካከል ያለው 35 ባዶ ነው። 35 ኒውትሮን ያለው መዳብ-64 ሽቦ ውስጥ አይገኝም፤ በሳይክሎትሮን ወይም በኒውክሌር ሪአክተር ተሠርቶ ለሕክምና ምስል ማንሻ ይውላል፣ ግማሽ ዕድሜውም፣ ማለትም ግማሹ ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ፣ 12.7 ሰዓት ነው። ስለ ተራ ሽቦ የተጠየቀው ተማሪ ሳያውቀው ስለ ሬዲዮአክቲቭ መድኃኒት መለሰ ማለት ነው።

63.546 የአንድም አቶም መጠነ ቁስ አይደለም። የሁለቱ አይሶቶፖች አማካይ ነው፣ ያውም በየድርሻቸው የተሰላ። የመዳብ-63 ትክክለኛ መጠነ ቁስ 62.930፣ የመዳብ-65 ደግሞ 64.928 ነው። 62.930 በ0.6915 ሲባዛ 43.516 ይሆናል፣ 64.928 በ0.3085 ሲባዛ 20.030፤ ሁለቱ ሲደመሩ 63.546 ይመጣል። ሰርገኛ ጤፍ ከሩቅ አንድ ቀለም ይመስላል፤ ፍሬ በፍሬ ሲለቀም ግን ወይ ነጭ ነው ወይ ቀይ፣ ሰርገኛ የሚባል ፍሬ የለም። አማካዩን አጠጋግቶ ኒውትሮን መቁጠር ያንን የሌለ ፍሬ መፈለግ ነው።

አሠራሩ ሳይነቃበት የቆየው በአብዛኛው ትክክል ስለሚወጣ ይመስለናል። ከሃይድሮጂን እስከ ኮባልት፣ ማለትም ከ1 እስከ 27 ባሉት ንጥረ ነገሮች ላይ አንድ በአንድ ቢሞከር፣ የተጠጋጋው ቁጥር በብዛት ከሚገኘው አይሶቶፕ ጋር ይገጥማል። ሶዲየም፣ አሉሚኒየም፣ ፍሎሪን፣ ፎስፈረስ፣ ማንጋኒዝ በተፈጥሮ አንድ አንድ አይሶቶፕ ብቻ ስላላቸው መሳሳቻ የላቸውም። ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ካልሲየም፣ ብረት ደግሞ አንዱ አይሶቶፓቸው ከ90 በመቶ በላይ ስለሆነ አማካዩ ወደዚያው ይጎተታል። የክፍል ምሳሌዎች ከእነዚህ ስለሚመረጡ መምህሩም ተማሪውም ደንብ ያገኙ ይመስላቸዋል።

ከእነዚህ መካከል የሚያደናቅፈው ክሎሪን ብቻ ነው፤ እሱም ጥፋቱ የሰንጠረዡ ነው። አማካዩ 35.45 ነው፤ ይህ ሲጠጋጋ 35 ይሆናል፣ 18 ኒውትሮን ይወጣል፣ ከክሎሪን-35 ጋርም ይስማማል። ብዙ የትምህርት ቤት ሰንጠረዦች ግን አስቀድመው ወደ 35.5 አጠጋግተውታል። ተማሪው ያንኑ እንደገና ሲያጠጋጋ 36 ላይ ይደርሳል፣ 19 ኒውትሮን ይጽፋል፣ ግማሽ ዕድሜው 300 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነውን ሬዲዮአክቲቭ ክሎሪን ጠራ ማለት ነው። ማጠጋጋቱን የዘነጋው ደግሞ 18.5 ኒውትሮን ብሎ ያስረክባል።

ከኮባልት ሲያልፉ ነገሩ ይበላሻል። ከ28 እስከ 31 ያሉት አራቱም በተከታታይ ይወድቃሉ። ኒኬል 58.69 ነው፤ ወደ 59 ይጠጋጋል፣ በብዛት የሚገኘው ግን 30 ኒውትሮን ያለው ኒኬል-58 ነው። መዳብን አይተናል። ዚንክ 65.38 ነው፤ 65 ቢባል 244 ቀን ግማሽ ዕድሜ ያለው ሬዲዮአክቲቭ ዚንክ ይመጣል፣ ከተፈጥሮ ዚንክ ግማሽ የሚጠጋው ግን 34 ኒውትሮን ያለው ዚንክ-64 ነው። ጋሊየም 69.72 ነው፤ በተፈጥሮ ያሉት 69 እና 71 ብቻ ሲሆኑ ጋሊየም-70 በ21 ደቂቃ በግማሽ ያልቃል። ከሁሉም የሚያታልለው ግን ብሮሚን ነው። 79.904 ለ80 እጅግ ስለሚቀርብ ማንም አይጠራጠርም፤ 80 − 35 = 45 ተብሎ ይታለፋል። ተራ ብሮሚን ግን ግማሹ ብሮሚን-79፣ ግማሹ ብሮሚን-81 ነው ማለት ይቻላል፣ 44 ወይም 46 ኒውትሮን። ብሮሚን-80 ከ18 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ግማሹ ይጠፋል። ብርም እንዲሁ ነው፦ 107.868 ወደ 108 ይጠጋጋል፣ ጌጣችን ውስጥ ያለው ግን ብር-107 እና ብር-109 ነው።

እንግዲህ አማካዩ ምን ያደርጋል ለሚል ተማሪ፣ ሥራው በሚዛን ላይ ነው። አንድ ግራም መዳብ ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ ለማወቅ በ63.546 ግራም መዳብ ውስጥ ያለውን የአቶም ብዛት (የአቮጋድሮ ቁጥር)፣ 6.022 × 10²³ን፣ ለ63.546 ማካፈል ነው፤ 9.48 × 10²¹ ይወጣል። በ29 ሲባዛ 2.75 × 10²³ ፕሮቶን፣ ሽቦው ቻርጅ ከሌለው ደግሞ ያንኑ ያህል ኤሌክትሮን። ለኒውትሮን አማካዩን በየድርሻው መሥራት ያስፈልጋል፦ 34 × 0.6915 ሲደመር 36 × 0.3085፣ ማለትም በአቶም 34.617፤ በአንድ ግራም 3.28 × 10²³ ኒውትሮን። እዚህ ላይ ነጥብ ያለው ኒውትሮን አያሳፍርም፣ የብዙ አቶሞች አማካይ ነውና። ለአንድ አቶም ግን ኒውትሮን ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ጥያቄው ወይም መልሱ ተበላሽቷል።

በዚህ አጋጣሚ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ሌላ ነገር እናንሳ። “ከነጥቡ በኋላ ያለው ትርፍ የኤሌክትሮኖቹ ክብደት ነው” ይባላል። አይደለም። አንድ ኤሌክትሮን የፕሮቶን 1/1836 ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ወርቅን እንይ፤ በተፈጥሮ አንድ አይሶቶፕ ብቻ፣ ወርቅ-197 ነው ያለው፣ ስለዚህ የአይሶቶፕ ቅልቅል የለበትም። መጠነ ቁሱ ግን 196.967 ነው፣ ከ197 ያነሰ። 79 ፕሮቶን በ1.00728፣ 118 ኒውትሮን በ1.00866፣ 79 ኤሌክትሮን በ0.00055 ተባዝተው ቢደመሩ 198.64 ይደርሳል። የጎደለው 1.67 ገደማ ኒውክለሱ (ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ ያሉበት የአቶሙ እምብርት) ሲተሳሰር በጉልበት መልክ የወጣው ነው። ነጥቡ እንግዲህ ከሁለት ቦታ ይመጣል፣ ከአይሶቶፖች ቅልቅልና ከዚህ ጉድለት።

ትክክለኛው አሠራር ረጅም አይደለም። ፕሮቶኑ አቶማዊ ቁጥሩ ነው፤ የንጥረ ነገሩ ስም እስካልተቀየረ ድረስ በምንም ምክንያት አይቀየርም። ኒውትሮን ለመቁጠር ጥያቄው ውስጥ የተሰጠ መጠነ ቁስ ቁጥር መኖር አለበት፣ ማለትም የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር፣ ተማሪዎች ማስ ነምበር የሚሉት፤ ከእሱ ላይ አቶማዊ ቁጥሩ ይቀነሳል። ይህ ቁጥር ከሰንጠረዡ አይገኝም። እንደ ፖሎኒየም ባሉ የተረጋጋ አይሶቶፕ በሌላቸው ንጥረ ነገሮች ላይ ግን በቅንፍ የሚጻፈው 209 ዓይነት ቁጥር አማካይ ሳይሆን ረጅም ዕድሜ ያለው አይሶቶፕ መጠነ ቁስ ቁጥር ስለሆነ ከእሱ ላይ መቀነስ ይቻላል፤ ፖሎኒየም-209 125 ኒውትሮን አለው።

ቁጥሮቹ የሚቀመጡበት ቦታም ያምታታል። በብዙ ሰንጠረዦች ላይ አቶማዊ ቁጥሩ ከምልክቱ በላይ ነው፣ አማካይ መጠነ ቁሱ ከታች። በአይሶቶፕ አጻጻፍ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጠነ ቁስ ቁጥሩ ከላይ፣ አቶማዊ ቁጥሩ ከታች። ሳያስተውል የሚቀንስ ተማሪ ኔጌቲቭ ኒውትሮን ያገኛል። ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ አቶማዊ ቁጥሩ ነው ብሎ መያዝ ይበቃል፤ እኩል የሚሆኑት በሃይድሮጂን-1 ብቻ ነው፣ እሱም ኒውትሮን የሌለው ብቸኛ ተራ አቶም ነው። ሁሉም አቶም ሦስቱም ቅንጣት አለው ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ።

አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ያለው አቶም፣ ሲሆን ኤሌክትሮኑን የሚወስነው ቻርጁ ነው፦ ከፕሮቶኑ ቁጥር ላይ ቻርጁን ከነምልክቱ መቀነስ። ክሎራይድ 17 − (−1) = 18፤ ካልሲየም አዮን 20 − 2 = 18፤ አሉሚኒየም አዮን 13 − 3 = 10። ፈተና ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት “2+” ሲያዩ ሁለት መደመር ነው፣ የመደመር ምልክቱ ስለሚስብ። ምልክቱ የሚናገረው የተገኘውን ሳይሆን የጎደለውን ኤሌክትሮን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኤሌክትሮኑን ትቶ ፕሮቶኑን ይቀንሳል፤ ያ ከሆነ ካልሲየም አዮን አርጎን ሆነ ማለት ነው።

ከብዙ አቶም የተሠራ አዮን ሲመጣ አጠቃላዩን ቆጥሮ ቻርጁን አንዴ ብቻ መጠቀም ነው። ሰልፌት አንድ ሰልፈርና አራት ኦክስጅን አለው፦ 16 + 32 = 48 ፕሮቶን፣ ቻርጁ 2− ስለሆነ 50 ኤሌክትሮን። አሞኒየም 7 + 4 = 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን። ሰልፈሩ ላይ ኦክሲዴሽን ነምበሩ +6 ነው ብሎ 16 − 6 = 10 ኤሌክትሮን የሚጽፍ ተማሪ ብልህ ነው፣ ግን ተሳስቷል፤ ኦክሲዴሽን ነምበር ለሒሳብ አመቺነት የተመደበ እንጂ ሰልፈሩ በእርግጥ የሰጠው ኤሌክትሮን ልክ አይደለም።

ከቤታችን የማይርቁ ምሳሌዎች እያሉ ጥያቄዎቹ ሁሉ ሊቲየምና ኒዮን መሆናቸው ያሳዝናል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ላይ ችግር የሚፈጥረው ፍሎራይድ 9 ፕሮቶን፣ 10 ኒውትሮን፣ 10 ኤሌክትሮን ነው። እንቅርትን ለመከላከል ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዴት፣ አንድ አዮዲንና ሦስት ኦክስጅን ከአንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ጋር፣ 77 ፕሮቶንና 78 ኤሌክትሮን አለው። በዚያው ላይ አዮዲን-127ን ከአዮዲን-131 ጋር ማወዳደር ይቻላል። ሁለቱም 53 ፕሮቶንና 53 ኤሌክትሮን አላቸው፣ ኒውትሮናቸው 74 እና 78 ነው። የእንቅርት እጢ አዮዲንን የሚይዘው በኬሚካዊ ጠባዩ፣ ማለትም በኤሌክትሮኖቹ ስለሆነ ሁለቱን አይለይም፤ ሬዲዮአክቲቩ 131 ለእጢው ሕክምና የሚሰጠውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉም የምንወደው ግን የሐዳር ጥያቄ ነው። እዚያ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት የታወቀው አጥንቷን በመመርመር አይደለም። በአካባቢው ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ናቸው የተለኩት፣ ልኬቱም ቅንጣት ቆጠራ ነው። ከ10 ሺህ የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ያህል ፖታሲየም-40 ነው፦ 19 ፕሮቶን፣ 21 ኒውትሮን፣ 19 ኤሌክትሮን፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት። ከ100 ጊዜ 11 ያህሉን ኒውክለሱ የራሱን አንድ ኤሌክትሮን ይውጣል፣ አንድ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ይለወጣል። ቆጠራው 18፣ 22፣ 18 ይሆናል፤ ይህ አርጎን-40 ነው፣ ቻርጅም የለውም። በቀረው 89 ያህል ጊዜ አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጥና ኤሌክትሮን ተፈናጥሮ ይወጣል። አሁን 20 ፕሮቶንና 20 ኒውትሮን አለ፣ ካልሲየም-40፤ በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን ገና 19 ስለሆኑ ለጊዜው 1+ አዮን ነው። ሦስቱም መጠነ ቁስ ቁጥራቸው 40 ነው፣ ሦስቱም የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ናቸው። መጠነ ቁስ ቁጥር ብቻውን ማንነትን እንደማይናገር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ጋዝ ስለሆነ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉ ውስጥ ይታሰርና መጠራቀም ይጀምራል። የተጠራቀመውን ለመለካት ክሪስታሉ አስቀድሞ ሪአክተር ውስጥ ይገባል። በዚያ አንድ ኒውትሮን ፖታሲየም-39ን መትቶ አንድ ፕሮቶን ያስወጣል። ከመምታቱ በፊት በጠቅላላ 19 ፕሮቶንና 21 ኒውትሮን ነበር፤ አንድ ፕሮቶን ሲወጣ 18 ፕሮቶንና 21 ኒውትሮን ይቀራል፣ አርጎን-39። ከዚያ በኋላ የፖታሲየሙም የአርጎኑም መጠን በአንድ መሣሪያ፣ በአርጎን አቶሞች ንጽጽር ብቻ ይነበባል።

ይኸው ታሪክ የሰንጠረዡን አንድ እንቆቅልሽም ይፈታል። አርጎን አማካዩ 39.95፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፖታሲየም ደግሞ 39.10 ነው፤ ከባዱ ቀድሟል። በአየር ላይ ካለው አርጎን 99.6 በመቶው ከፖታሲየም መለወጥ የመጣው አርጎን-40 ስለሆነ ነው አማካዩ ከፍ ያለው። ሰንጠረዡ በክብደት ሳይሆን በፕሮቶን ቁጥር መደርደር እንዳለበት ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 የየንጥረ ነገሩን የኤክስሬይ ድግግሞሽ ለክቶ፣ ኒውትሮን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1932 በጄምስ ቻድዊክ ከመገኘቱ 19 ዓመት በፊት። ሞዝሊ በ27 ዓመቱ በጋሊፖሊ ጦርነት ተገደለ።

ለመልመጃ አዘጋጆቻችሁ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ኒውትሮን በተጠየቀ ቁጥር ስሙ ከነቁጥሩ ይጻፍ፣ “ክሎሪን” ሳይሆን “ክሎሪን-37”። ሰንጠረዥ ብቻ ከተሰጠ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ብቻ ይጠየቅ። “በብዛት የሚገኘው አይሶቶፕ” ማለት ከተፈለገ የድርሻ ሠንጠረዡ አብሮ ይቅረብ። መልስ የሚያርመውም ሰው ሁለት ነገር ይመልከት፦ ፕሮቶን ሲቀነስ ኤሌክትሮን ከቻርጁ ጋር እኩል ነው ወይ፣ ኒውትሮኑስ ያልተጋነነ ነው ወይ። እስከ ካልሲየም ድረስ በብዛት የሚገኙት አይሶቶፖች ኒውትሮን ከፕሮቶኑ ጋር እኩል ወይም በጥቂት የበለጠ ነው፣ ከሃይድሮጂን በቀር፤ ወደ እርሳስ ሲደርስ ለ82 ፕሮቶን 126 ኒውትሮን ያስፈልጋል፣ የሚገፋፉትን ፕሮቶኖች አብሮ ለመያዝ።

ወደ ኋላ የሚሠራ ጥያቄም ይጨመር፤ ደንብ በቃል የያዘውን ከገባው ይለያልና። ለምሳሌ 26 ፕሮቶን፣ 30 ኒውትሮን፣ 23 ኤሌክትሮን ያለው ምንድን ነው? ፕሮቶኑ ብረት መሆኑን ይናገራል፣ 26 + 30 ብረት-56 መሆኑን፣ 26 − 23 ደግሞ ቻርጁ 3+ መሆኑን። ኤሌክትሮኑን 24 ቢያደርጉት 2+ ይሆናል። ኒውትሮኑን 28 ቢያደርጉት ደግሞ ብረት-54 ይሆናል፤ ከተፈጥሮ ብረት 6 በመቶ የሚጠጋው እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የኬሚስትሪ መምህራን